የመረባችን ሥር የት ነው?

«ሲስተም የለም።» በአገራችን ባለጉዳይን ወደ መጣበት ለመመለስ ከዚህ ያጠረ ዐረፍተ ነገር የሚገኝ አይመስለንም። በሬጅስትራር መስኮት፣ በፋይናንስ ክፍል፣ በሆስፒታል ካርድ ክፍል ሁላችንም ሰምተነዋል። የሰማው ሰውም ምክንያቱን ራሱ ይገምታል፤ መብራት ጠፍቶ ይሆናል፣ የውጩ መስመር ተቋርጦ ይሆናል፣ ዝናቡም ይሆናል ይላል። ብዙ ጊዜ ግምቱ ትክክል ነው። ይሁን እንጂ መብራት ሳይጠፋ፣ የውጩም መስመር ሳይቋረጥ፣ ከግቢው አጥር ውስጥ ባሉት ስዊቾች መካከል በተፈጠረ ችግር ብቻ ሲስተም የሚጠፋበት ጊዜ አለ። በዚህ ጽሑፍ የምንነጋገረው ስለዚህኛው ነው፤ ሌሎቹ ከአቅማችን በላይ ሊሆኑ ይችላሉ፣ ይህኛው ግን በእጃችን ነውና።

የምንሟገትለት ነጥብ አንድ ነው። ስዊቾች በመካከላቸው ያለውን መንገድ ራሳቸው የሚያበጁበት ራፒድ ስፓኒንግ ትሪ የተባለ ደንብ አለ። ደንቡ ሰው ባይነካውም ይሠራል። ሳይነኩት ስለሚሠራም ብዙዎቻችን ሳንነካው እንተወዋለን። በእኛ እምነት ይህ ስህተት ነው። ደንቡ ቀለበትን ይሰብራል እንጂ ለተቋሙ የሚበጀው መንገድ የትኛው እንደሆነ ሊያውቅ አይችልም። ይህን መወሰን፣ የተወሰነውን መጻፍና ለተማሪ ማስተማር የሰው ሥራ ነው።

ዞሮ የሚመጣ መንገድ

ከጅማ ወደ መቱ ለመሄድ ሁለት መንገድ አለ። አጭሩ በአጋሮና በበደሌ በኩል ያልፋል። ረጅሙ በቦንጋ፣ በሚዛን፣ በቴፒና በማሻ ዞሮ በጎሬ በኩል መቱ ይገባል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲታዩ የደቡብ ምዕራቡን የቡና አገር የሚከብ ቀለበት ይሆናሉ። ለመንገደኛ ይህ ቀለበት ጸጋ ነው፤ በክረምት አንዱ ድልድይ ቢሰበር በሌላው ይዞራል። ቡና የጫነ መኪናም በየመገንጠያው አይባዛም፤ ከአጋሮ አንድ ሆኖ ከተነሣ የትም ቢዞር አንድ ሆኖ ይደርሳል።

በስዊቾች መካከል ያለው ጉዳይ ግን ከዚህ ይለያል። የመረብ ባለሙያ ሁለት ሕንፃዎችን በሁለት ገመድ የሚያገናኘው እንደ መንገዱ ሁሉ አንዱ ቢቋረጥ ሌላው እንዲተካው አስቦ ነው። ዳሩ ግን በመረቡ ውስጥ ከሚጓዙት መልእክቶች መካከል እንደ አዋጅ ለሁሉም የሚነገሩ አሉ፤ ብሮድካስት ይባላሉ። አንድ ኮምፒውተር የጎረቤቱን አድራሻ ለማወቅ ሲፈልግ «ይህ ቁጥር የማን ነው?» ብሎ ለሁሉም ያውጃል። ስዊቹ ይህን መልእክት ከመጣበት ፖርት በስተቀር በሁሉም ፖርቶች ገልብጦ ይልካል፤ የተፈጠረበት ሥራ ይኸው ነው። መንገዱ ቀለበት ከሆነ ግን ቅጂው ዞሮ ወደ ተነሣበት ይመጣል። ስዊቹም ቀድሞ ያየው መሆኑን ስለማያውቅ እንደገና ገልብጦ ይልከዋል።

ስሌቱን በወረቀት መሥራት ይቻላል። አራት ስዊቾች እያንዳንዳቸው ከቀሩት ሦስቱ ጋር በቀጥታ ተገናኝተዋል እንበል። ከአንደኛው የተነሣ አንድ አዋጅ በመጀመሪያው እርምጃ 3 ቅጂ ይሆናል። እያንዳንዱ ቅጂ የደረሰበት ስዊች በቀሩት ሁለት ገመዶች ስለሚልከው በሚቀጥለው እርምጃ 6፣ ከዚያ 12፣ ከዚያም 24 ይሆናል። በዚህ ዓይነት 20 ጊዜ ሲታጠፍ ቁጥሩ 3,145,728 ላይ መድረስ ይኖርበታል። በሴኮንድ 100 ሜጋ ቢት የሚያስተላልፍ ገመድ ደግሞ የመጨረሻውን ትንሽ ጥቅል እንኳ ቢሆን በሴኮንድ ከ149,000 በላይ ማሳለፍ አይችልም። በመሆኑም ገመዱ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ይሞላል፤ ለተማሪው፣ ለሐኪሙና ለገንዘብ ያዡ መልእክት ቦታ አይተርፍም።

ነገሩን የሚያከፋው መቆሚያ ማጣቱ ነው። ከአገር ወደ አገር በኢንተርኔት የሚጓዝ ጥቅል የዕድሜ ቁጥር አለው፤ በየራውተሩ አንድ እየተቀነሰ ዜሮ ሲደርስ ጥቅሉ ይጣላል። ስዊቾች የሚቀባበሉት የኤተርኔት ጥቅል ግን ይህ ቁጥር የለውም። ገመዱን የሚነቅል ሰው እስኪመጣ ድረስ ይዞራል። ባለሙያዎች የብሮድካስት ማዕበል የሚሉት ይህንን ነው።

ማዕበሉን ለማስነሣት ክፋት አያስፈልግም። በአገራችን ካሉት ግቢዎች በአንዱ ያየነውን እናስታውሳለን። በአንድ ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ትንሽ ስዊች ተቀምጣ ነበር። ወለል ላይ የወደቀ የገመድ ጫፍ ያየ ሰው ሥራ የሠራ መስሎት በቅንነት አንሥቶ ክፍት በሆነው ቀዳዳ ሰካው። የገመዱ ሌላ ጫፍ ቀድሞውኑ እዚያችው ስዊች ላይ ተሰክቶ ኖሯል። በጥቂት ቅጽበት የሕንፃው ኮምፒውተሮች በሙሉ ቆሙ። ምክንያቱ እስኪገኝ ግማሽ ቀን አለፈ፤ በዚያ ቀን በኮምፒውተር ይሰጥ የነበረው ፈተናም ለሌላ ቀን ተላለፈ። ከሩቅ ወረዳ የመጡ ተፈታኞች ሌላ ሌሊት የሚያድሩበትን መፈለግ ነበረባቸው።

ዛፍ፣ ሥርና ኬላ

የችግሩ መፍትሔ ከኮምፒውተር በፊት በሂሳብ ውስጥ ነበር። ነጥቦችንና የሚያገናኟቸውን መስመሮች የሚያጠናው ግራፍ ቲዎሪ፣ ሁሉም ነጥቦች ተገናኝተው ቀለበት ግን የሌለበትን ቅርጽ ዛፍ ይለዋል። አሥር ስዊቾች ካሉን ዛፉ የሚኖሩት መስመሮች 9 ብቻ ናቸው፤ አንድ ቢቀነስ የሚነጠል ይኖራል፣ አንድ ቢጨመር ቀለበት ይፈጠራል። ሁሉንም ነጥቦች የሚያዳርስ ዛፍ ስፓኒንግ ትሪ ይባላል፤ ሁሉን ደራሽ ዛፍ ልንለው እንችላለን። ቼካዊው የሂሳብ ሊቅ ኦታካር ቦሩቭካ በ1926 እ.ኤ.አ. ስለዚህ ዓይነት ዛፍ የጻፈው በሞራቪያ ምድር የኤሌክትሪክ መስመር በአነስተኛ ወጪ እንዴት እንደሚዘረጋ ሲያስብ ነበር። አርተር ኬይሊ ደግሞ ከእርሱ ቀደም ብሎ በ1889 እ.ኤ.አ. ባወጣው ቀመር መሠረት፣ እርስ በርሳቸው በሙሉ ከተገናኙ አራት ነጥቦች 16፣ ከአሥር ነጥቦች ደግሞ 100,000,000 የተለያዩ ዛፎች ማውጣት ይቻላል። ስለዚህ ጥያቄው ከእነዚህ ሁሉ መካከል አንዱን ማን ይምረጥ የሚል ይሆናል።

አሜሪካዊቷ ራዲያ ፐርልማን በዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን ስትሠራ በ1985 እ.ኤ.አ. ባቀረበችው ዘዴ ስዊቾቹ ራሳቸው እየተነጋገሩ አንዱን ዛፍ እንዲመርጡ አደረገች። ዘዴው በ1990 እ.ኤ.አ. አይ ትሪፕል ኢ በተባለው የመሐንዲሶች ማኅበር 802.1ዲ ተብሎ ደረጃ ወጣለት።

የዘዴውን አሠራር ለመረዳት ከጅሬን ኮረብታ ላይ ሆኖ ማሰብ ይጠቅማል። ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ሲገዙ የመንግሥቱ መቀመጫ ጅሬን ነበር፤ የሲራራ ነጋዴ መንገዶች የሚገናኙበት የሂርማታ ገበያም ከዚያው አቅራቢያ ይቆም ነበር። ወደ ግዛቱ የሚገባ ሰው የሚያልፈው ጠባቂ ባለበት ኬላ ነው። ስዊቾችም አስቀድመው አንድ መቀመጫ ይመርጣሉ፤ ይህም ሥር ይባላል። ከዚያም እያንዳንዱ ስዊች ወደ ሥሩ የሚያደርሰውን አነስተኛ ዋጋ ያለውን መንገድ ይይዛል። ዋጋው በገመዱ ፍጥነት ይወሰናል፤ በሴኮንድ 100 ሜጋ ቢት የሚያስተላልፈው 200,000፣ 1 ጊጋ ቢት የሚያስተላልፈው 20,000፣ 10 ጊጋ ቢት የሚያስተላልፈው 2,000 ይታሰብበታል። በትርፍ መንገዱ ላይ ያለው ፖርት ደግሞ እንደ ኬላ ይዘጋል።

ኬላው ተዘጋ ማለት ግን ጠባቂው ተኛ ማለት አይደለም። ተራው መልእክት ባያልፍም ስዊቾች በየ2 ሴኮንዱ የሚለዋወጡትን አጭር የወሬ ጥቅል ይሰማል። ወሬው በቀረ ጊዜ መንገድ መሰበሩን ያውቃል፤ ያን ጊዜ ኬላውን ይከፍታል። ትርፍ ገመድ ያለ ማዕበል ሊኖረን የቻለው በዚህ ዘዴ ነው።

ከ50 ሴኮንድ ወደ ቅጽበት

የመጀመሪያው ደንብ ጥንቁቅ ነበር፤ ጥንቃቄውም ዘገምተኛ አደረገው። መንገድ ከሩቅ ሲሰበር የቀድሞው ወሬ እስኪያረጅ 20 ሴኮንድ ይጠብቃል። ከዚያ ኬላው ከመከፈቱ በፊት 15 ሴኮንድ ያዳምጣል፣ 15 ሴኮንድ ደግሞ አድራሻ ይማራል። በድምሩ 50 ሴኮንድ ነው። በ1985 እ.ኤ.አ. ይህ ብዙ አልነበረም። ዛሬ ግን የስልክ ጥሪ በኮምፒውተር መረብ ላይ በሚጓዝበት፣ የታካሚ መዝገብ ከሌላ ሕንፃ በሚከፈትበት ጊዜ 50 ሴኮንድ ረጅም ነው።

በ2001 እ.ኤ.አ. 802.1ደብሊው በሚል ስም የወጣው ራፒድ ስፓኒንግ ትሪ ይህን ለወጠ። በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመው የ802.1ዲ ደረጃም አሮጌውን ትቶ አዲሱን ብቻ ያዘ። አዲሱ ደንብ የሚፈጥነው ሰዓት ከመቁጠር ይልቅ ጎረቤቱን ስለሚጠይቅ ነው። አንዱ ስዊች «ወደ ሥሩ የምታልፈው በእኔ በኩል ይሁን» ብሎ ሐሳብ ያቀርባል፤ ጎረቤቱ ከወዲያ ያሉትን ፖርቶቹን ለጊዜው ዘግቶ «ተስማምቻለሁ» ይላል፤ መንገዱም ወዲያው ይከፈታል። ከዚህም ሌላ እያንዳንዱ ስዊች ዋናው መንገዱ ቢሰበር የሚተካውን ፖርት አስቀድሞ ያውቃል። ገመዱ በቀጥታ ከተቋረጠ ለውጡ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሴኮንድ በታች ይጠናቀቃል። ወሬ በመቅረቱ ብቻ የሚታወቅ ብልሽት ቢሆን እንኳ ሦስት ወሬ እስኪታጣ፣ ማለትም 6 ሴኮንድ ቢጠብቅ ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ፍጥነት ቅድመ ሁኔታዎች አሉት። አንደኛ፣ በሁለቱ ስዊቾች መካከል ያለው ግንኙነት በአንድ ጊዜ መላክም መቀበልም የሚችል፣ ማለትም ፉል ዱፕሌክስ መሆን አለበት፤ ካልሆነ ደንቡ ወደ አሮጌው ቆጠራ ይመለሳል። ሁለተኛ፣ ጎረቤቱ አሮጌውን ደንብ ብቻ የሚያውቅ ከሆነ በዚያ ፖርት በኩል አዲሱም እንደ አሮጌው ይናገራል። ሦስተኛ፣ ኮምፒውተርና ፕሪንተር የሚሰኩባቸው ፖርቶች የዳር ፖርቶች መሆናቸው ሊነገረው ይገባል። ካልተነገረው ለውጥ በመጣ ቁጥር እነዚያን ፖርቶች ይዘጋቸዋል፤ ከዳር ካለው ኮምፒውተር «ተስማምቻለሁ» የሚል መልስ ስለማይመጣም 30 ሴኮንድ ያስጠብቃቸዋል። በርካታ የቆዩ ስዊቾች ደግሞ ከፋብሪካ ሲወጡ የተዘጋጁት በአሮጌው ደንብ እንዲሠሩ ነው። አዲስ ደንብ የሚያውቅ ስዊች ገዝቶ በአሮጌው ማሠራት፣ አስፋልት ተሠርቶ በጭቃው መንገድ እንደ መሄድ ነው።

ሳይሾም የነገሠ ሥር

አሁን ወደ ዋናው ነጥባችን እንመለስ። ሥሩ እንዴት ይመረጣል? እያንዳንዱ ስዊች ሁለት ነገር ያቀርባል፤ የቅድሚያ ቁጥርና በፋብሪካ የተሰጠውን የማክ አድራሻ። የቅድሚያ ቁጥሩ ያነሰ ይሾማል። ሰው ካልለወጠው ግን የሁሉም ቁጥር 32,768 ነው። ሁሉም እኩል ሲሆኑ የማክ አድራሻው ያነሰ ይነግሣል። ይህ ስዊች የትኛውም ሊሆን ይችላል፤ ከዓመታት በፊት ተገዝቶ በመጋዘን ጥግ አቧራ የለበሰውም ሊሆን ይችላል።

የሚያስከትለውን በምሳሌ እንይ። አንድ ግቢ ሁለት አዳዲስ ዋና ስዊቾች ገዛ፤ በሴኮንድ 10 ጊጋ ቢት በሚያስተላልፍ ፋይበርም አገናኛቸው። በአንድ አሮጌ ሕንፃ ያለው ስዊች ከሁለቱም ጋር በ100 ሜጋ ቢት ገመድ ተገናኝቷል። በዕጣ ሥር የሆነው ይህ አሮጌ ስዊች ነው እንበል። ከዋናዎቹ የእያንዳንዱ ቀጥተኛ መንገድ ወደ ሥሩ 200,000 ዋጋ አለው፤ አንዱ በሌላው በኩል ቢሄድ ግን 202,000 ይሆንበታል። ስለዚህ ሁለቱም ቀጥታውን ይመርጣሉ። ትርፍ ሆኖ የሚዘጋው በመካከላቸው ያለው የ10 ጊጋ ቢት ፋይበር ነው። ከአንዱ ዋና ስዊች ወደ ሌላው የሚሄደው መልእክት ሁሉ መቶ እጥፍ በሚያንሰው ገመድ፣ በአሮጌው ሕንፃ በኩል ይዞራል። ምንም የተበላሸ ነገር የለም፤ መብራቶቹ ሁሉ አረንጓዴ ናቸው። ሠራተኛው ግን መረቡ ቀርፋፋ ነው ብሎ ያማርራል፤ ኃላፊውም የውጭ መስመር ይጨመር ብሎ በጀት ይጠይቃል።

መብራት በሚቆራረጥበት አገር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ሥሩ ዩ.ፒ.ኤስ. በሌለው ክፍል ውስጥ ከሆነ መብራት በጠፋ ቁጥር ይጠፋል፤ ሌሎቹም ሌላ ሥር ይመርጣሉ። መብራት ሲመለስ አሮጌው ተነሥቶ ዙፋኑን ይወስዳል፤ ዛፉም እንደገና ይታነጻል። ጀኔሬተር ያለው ሕንፃ ሳይቀር በሌላው ሕንፃ መብራት ምክንያት ይናወጣል። ሥሩ መብራት በማይጠፋበት፣ ገመዶች ሁሉ በሚገናኙበት ቦታ መሆን እንዳለበት የሚያውቀው ሰው ነው፤ ስዊቹ ይህን አያውቅም። የጅማ ነገሥታት መቀመጫቸውን ጅሬን ላይ ያደረጉት በዕጣ አልነበረም።

ከቦስተን የምንማረው

ነገሩ የበለጸጉ አገሮችን አይነካም የሚል ካለ በኅዳር ወር 2002 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ቦስተን ከተማ የደረሰውን እንጠቅስለታለን። ቤዝ እስራኤል ዲከነስ የተባለው ታላቅ ሆስፒታል መረብ በአንድ ተመራማሪ በኩል በተላከ ብዛት ባለው መረጃ ተጨናነቀ፤ ስፓኒንግ ትሪው ተናጋና ቀለበት ተፈጠረ። መረቡ ለአራት ቀናት ያህል እየተነሣ ወደቀ። ሐኪሞች የመድኃኒት ትእዛዝ በወረቀት መጻፍ ጀመሩ፤ የላቦራቶሪ ውጤት በእግረኛ መልእክተኛ ከክፍል ወደ ክፍል ተላከ።

ጥፋቱ የአንድ ቀን አልነበረም። መረቡ ዲፓርትመንት በተጨመረ ቁጥር በቁራጭ በቁራጭ የተቀጠለ ነበር፤ ደንቡ ሲዘጋጅ ከታሰበው ከሰባት ስዊች የማይበልጥ ርቀት አልፎ ሄዷል። የሆስፒታሉ የኢንፎርሜሽን ኃላፊ የነበሩት ዶክተር ጆን ሃላምካ የደረሰውን ሳይደብቁ ለዓለም ተናገሩ፤ ዛሬ የማኔጅመንት ተማሪዎች ሳይቀሩ ያጠኑታል። እኛም የተማርነው ሁለት ነገር ነው። ማንም ያልነደፈው መረብ እየሠራም ቢሆን ወደ ውድቀት ሊያመራ ይችላል። የደረሰውን በግልጽ መናገርም ሌላውን ያድናል።

ይህን ያነሣነው ጅማ የሪፈራል ሆስፒታል ከተማ በመሆኗም ነው። ለደቡብ ምዕራቡ ሕዝብ ከአጋሮም ከቦንጋም መጥቶ የሚታከምባት ከተማ ናት። የታካሚ መዝገብ ከወረቀት ወደ መረብ በተሻገረ ቁጥር የስዊቹ ጉዳይ የታካሚው ጉዳይ ይሆናል።

ስለሚነሡት ተቃውሞዎች

«የሚሠራን ነገር አትንካ» የሚሉ አሉ። በሥራ ሰዓት አትንካ ማለታቸው ከሆነ እንስማማለን። ጨርሶ አትንካ ከሆነ ግን ማዕበሉ ራሱ በመረጠው ቀን እንዲነካን መፍቀድ ነው።

«ትርፍ ገመዱን ብንነቅለውስ?» የሚሉም አሉ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ሆኖም ሁለት ጉድለት አለው። አንዱ ገመድ ሲቆረጥ፣ ቁፋሮ በበዛበት ግቢ ደግሞ መቆረጡ አይቀርም፣ ሕንፃው ይነጠላል። ከዚህም በላይ ቀለበት የሚፈጠረው ባለሙያው በዘረጋው ገመድ ብቻ አይደለም፤ ከላይ እንዳየነው ከወለል ላይ በተነሣ የገመድ ጫፍም ይፈጠራል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከባለሙያዎች የሚመጣ ስለሆነ ክብደት አለው። «ስፓኒንግ ትሪ ያረጀ ነው፤ በትልልቅ የመረጃ ማእከሎች በራውቲንግ ተተክቷል» ይላሉ። እውነት ነው፤ አቅም ያለው ግቢም ሕንፃን ከሕንፃ በራውቲንግ ቢያገናኝ ይመረጣል። ይህ ግን በየሕንፃው ውስጥ ያሉትን ስዊቾች አያስቀርም። አንድ ሰው ገመድ ሊሰካበት የሚችል ቀዳዳ እስካለ ድረስ ደንቡ ያስፈልገናል፤ ቢያንስ እንደ ቤት ቁልፍ።

ምን እናድርግ?

የሚያስፈልገው ሥራ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። ሁሉም ስዊቾች ወደ ራፒድ ደንብ ይቀየሩ። ሥሩ ይሾም፤ ዩ.ፒ.ኤስ. ባለው ክፍል ለተቀመጠው ዋና ስዊች የቅድሚያ ቁጥሩ 4,096፣ ለምክትሉ 8,192 ይሰጥ። የኮምፒውተር ፖርቶች የዳር ፖርቶች ይባሉ፤ ከእነዚህ በአንዱ የስዊች ወሬ ከተሰማ ፖርቱ ወዲያው እንዲዘጋ ቢ.ፒ.ዲ.ዩ. ጋርድ የተባለው ጥበቃ ይብራ። በጠረጴዛዋ ስዊች ላይ በተፈጠረው ቀለበት ጊዜ ይህ ጥበቃ በርቶ ቢሆን ኖሮ ወሬው ዞሮ ሲመጣ የሚዘጋው የዚያ ቢሮ ፖርት ብቻ በሆነ ነበር። አንዳንድ ርካሽ ስዊቾች የወሬ ጥቅሉን ሳያሳልፉ ስለሚጥሉት ደግሞ የብሮድካስት መጠን ገደብ አብሮ ይደረግ። በመጨረሻም የመረቡ ካርታ በወረቀት ተሥሎ በማሽን ክፍሉ በር ላይ ይለጠፍ። የተማረው ባለሙያ የተሻለ ሥራ አግኝቶ ይሄዳል፤ ሲሄድ ካርታው በጭንቅላቱ ውስጥ አብሮት መሄድ የለበትም።

ለትምህርት ክፍሎችም የምንለው አለ። ተማሪዎቻችን የወደቦችን ስም፣ የሴኮንዶችን ቁጥር ለፈተና ያጠናሉ። ሦስት ያገለገሉ ስዊቾችና ሦስት ገመዶች ባሉበት ክፍል ውስጥ ግን ቀለበት ሠርተው ደንቡን አጥፍተው ማዕበሉን በዓይናቸው ያዩ ስንት ናቸው? መብራቶቹ ሁሉ በአንድነት ሲንቀጠቀጡ ያየ ተማሪ፣ ቀጥሎም ደንቡን አብርቶ ገመድ ሲነቅል የአሮጌውንና የአዲሱን ልዩነት በሰዓት የለካ ተማሪ፣ ከአሥር ገጽ ማስታወሻ የበለጠ ይይዛል። ሙከራው ከግቢው መረብ በተለየ ክፍል መደረግ እንዳለበት ግን ማስጠንቀቅ ይገባናል።

ጅማ ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም. የግብርና ኮሌጁንና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱን አንድ አድርጎ ሲመሠረት የያዘው ማኅበረሰብ አቀፍ የትምህርት መርሕ እዚህ ላይ ሊረዳን ይችላል። የጤና ተማሪዎች ወደ ቀበሌና ወደ ጤና ጣቢያ ወርደው እንደሚማሩ ሁሉ፣ የኮምፒውተር ተማሪዎችም በሰርቦ፣ በሰቃ፣ በአጋሮና በሊሙ ገነት ወዳሉ ትምህርት ቤቶችና ጤና ጣቢያዎች ቢወርዱ ምን ይከለክላል? አንድ ቡድን በአንድ ቀን የስዊቾቹን ካርታ ሊሥል፣ ሥሩን ሊፈልግ፣ ዩ.ፒ.ኤስ. ያለበትን ክፍል ሊያመለክት ይችላል። ተማሪው ትምህርቱን፣ ጤና ጣቢያው ካርታውን ያገኛል።

ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ አንባብያን ደግሞ የቤት ሥራ እንተውላችሁ። በትምህርት ቤታችሁ ኮምፒውተር ክፍል ያሉትን ስዊቾች በነጥብ፣ ገመዶቹን በመስመር ሣሉ። ቀለበት ካለ ፈልጉ። እናንተ ብትሆኑ ሥሩን የት እንደምታደርጉና የትኛውን መስመር እንደምትዘጉ ጻፉ። ከዚያ የክፍሉን ኃላፊ በአክብሮት ጠይቁ፤ «የመረባችን ሥር የት ነው? ማን መረጠው?»

መልሱ «አላውቅም» ከሆነ አትዘኑ፤ በብዙ ቦታ መልሱ ይኸው ነው። ሥራው የሚጀምረውም ጥያቄው ከተጠየቀ በኋላ ነው። «ሲስተም የለም» ተብሎ ከመስኮት የሚመለሰው ባለጉዳይ ይህን ጥያቄ መጠየቅ አይችልም፤ ስዊች መኖሩንም አያውቅም። ስለ እርሱ ሆነን መጠየቅ ያለብን እኛ የተማርነው ነን።